ሹሙን የነካ ቃልና ሸማኔውን የሰደበ ቃል

አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ያስነገሩት አንድ አዋጅ አለ። የክተት አዋጅ አይደለም፣ የግብርም አይደለም፤ ስለ ስድብ ነው። ብረት የሚቀጠቅጠውን «ጠይብ»፣ ጽሕፈት የሚያውቀውን «ጠንቋይ» እያሉ፣ ሸማ ሠሪውንም ሌላ የንቀት ስም እያወጡለት ሠራተኛን ማዋረድ እንዲቀር የሚያዝ፣ እምቢ ብሎ የሚሳደብም ታስሮ እንደሚቀጣ የሚያስታውቅ ነው። ምክንያቱንም አልደበቀም፤ ባለሙያው በስድብ ብዛት ሥራውን ጥሎ ከሄደ አገር ያለ ሙያተኛ ይቀራል ነው ነገሩ።

በዚያው ዘመን፣ በዚያው አገር፣ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይባል ነበር። ሁለቱም በአንደበት ላይ የተጣሉ ገደቦች ናቸው። አንዱ ከታች ያለውን ሰው ከሰዳቢ ይከልላል፤ ሌላው ከላይ ያለውን ከወቃሽ ይከልላል። ስለ ሐሳብ ነጻነትና ስለ ሳንሱር ስንሟገት አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱን ሳንለይ «ገደብ ያስፈልጋል»፣ «አያስፈልግም» እየተባባልን እንውላለን። ሊጠየቅ የሚገባው ገደቡ የሚከልለው ማንን ነው የሚለው ነው። በዚህ መለኪያ ያለፈውን መቶ ዓመት ከጎጃም ደጋ ላይ ሆኖ የተመለከተ ሰው የሚያገኘው ውጤት ደስ አያሰኝም። የምኒልክን አዋጅ ረስተነዋል። ተረቱን ግን በየዘመኑ ልብስ እየቀየርን ሕግ አድርገነዋል።

ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብለው ባሉ የገጠር ገበያዎች ሸክላ ሠሪዋ ጀበናዋን፣ ምጣዷንና እንስራዋን ደርድራ የምትቀመጠው ብዙ ጊዜ ከገበያው ጥግ ነው። ገዢዋ ጎንበስ ብላ ምጣዱን በጣቷ ኳ ኳ ታደርግና ድምፁን ታዳምጣለች፤ ስንጥቅ ካለበት ድምፁ ያሳብቃል። ይከራከራሉ፣ ይስማማሉ። ምጣዱ ቤት ገብቶ በጎመን ዘር ይሟሻል፣ እንጀራ ይጋገርበታል፣ ቤተሰቡ ይበላል። የሠሪዋ ልጅ ግን የዚያ ቤት ሙሽራ አትሆንም። ሕፃን ሲያስመልሰውና ሲያተኩሰው «ዓይኗ ነው» ይባላል። ፋቂውም፣ ቀጥቃጩም፣ ሸማኔውም እንደዚሁ። «ቡዳ» የሚለው ቃል ጨዋታ የሚመስለው ለሚናገረው ነው፤ የሚነገርበት ሰው ጋብቻው፣ ማኅበሩ፣ አንዳንዴም ሕይወቱ ላይ ይደርሳል። ቃል እንደዚህ በሰው አናት ላይ ሲወርድ ማየት የፈለገ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገውም።

ወደዚህ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ተረቱን እንከታተለው።

አቤ ጉበኛ የአቸፈር ልጅ ነው፤ ከባሕር ዳር ብዙም ሳይርቅ ተወልዶ፣ በቤተ ክህነት ትምህርት አልፎ፣ አዲስ አበባ ገብቶ ጋዜጠኛ የሆነ። በ1950ዎቹ አጋማሽ «አልወለድም» የሚል መጽሐፍ አሳተመ። ገና በእናቱ ማኅፀን ያለ ፅንስ ፍትሕ ወደሌለበት ዓለም አልወጣም ብሎ ይሟገታል። ሐሳቡ ይኼው ነው። መጽሐፉ ተከለከለ፣ ከገበያም ተሰበሰበ። ደራሲው ቆየት ብሎ ወደ ጎሬ ተጋዘ፤ ለጎጃም ሰው ጎሬ በዚያ ዘመን የዓለም ዳር ነው። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 የንግግርና የጽሑፍ ነጻነት በመላው ግዛት የተረጋገጠ መሆኑን ይደነግግ ነበር፤ «በሕግ መሠረት» የምትል ሐረግ ጨምሮበት። የአገራችን የሐሳብ ነጻነት ታሪክ ጠቅላላው በዚያች ሐረግ ውስጥ የተቀበረ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ያስደንቀኛል። መጽሐፉ የተቆጣጣሪዎቹን ቁጣ ያስነሳው ፍትሕ ስላጣ ዓለም በመናገሩ ነው። ስሙ ሳይጠራ «ይኼማ እኔን ነው» ብሎ የተነሣው መንግሥት ራሱ ነበር። ሳንሱር ሁልጊዜ እንዲህ ያለ የእምነት ቃል ያለበት ሥራ ነው። የከለከለው ክፍል ከተከለከለው ጽሑፍ ይልቅ ስለ ራሱ ብዙ ይናገራል።

በዚያው መንግሥት ዘመን፣ ጥቂት ቆይቶ፣ በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር» ታተመ። ሐዲስ ዓለማየሁ የጎዛምን ሰው ናቸው፤ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወልደው፣ ደብረ ኤልያስና ዲማ ቅኔ የተማሩ። መጽሐፉ ላይ ላዩን የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ፍቅር ነው። ውስጡ የባላባት ሥርዓት ክስ ነው። የፊታውራሪ መሸሻ ገበሬዎች በበዓል ስም የሚጠየቁትን መተያያ አንሰጥም ብለው በአበጀ በለው መሪነት ይነሣሉ፤ ጉዱ ካሳ ደግሞ የዘር ኩራቱንም ወጉንም አንድ በአንድ ሲያፈርሰው፣ ሰሚው መልስ ሲያጣ «ዕብድ ነው» ይላል። አንባቢ ሁሉ እንደሚያውቀው ከመጽሐፉ ሰዎች ሁሉ አእምሮው የጠራው እሱ ነው። ይህ መጽሐፍ አልተሰበሰበም። ኋላም ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ተርኮት ፊደል ያልቆጠረው ገበሬ ጭምር ሰምቶታል።

አንዱ ለምን አለፈ? ሌላው ለምን ተያዘ? የኔ ግምት ሁለት ነገር ያያል። የሐዲስ ሰም ወፍራም ነበር፤ ፍቅሩ አንባቢን ይዞ ይሄዳል፣ ወርቁ በኋላ ነው የሚገለጠው። ሁለተኛው ግን ከሥነ ጽሑፍ ጋር አይገናኝም። ሐዲስ ዓለማየሁ በጣልያን ወረራ ጊዜ የዘመቱ፣ በጣልያን እስር የማቀቁ፣ አምባሳደርና ሚኒስትር የነበሩ የመንግሥት ትልቅ ሰው ናቸው። አቤ ጉበኛ ደመወዝተኛ ጋዜጠኛ ነው። አንድ ዓይነት ነገር ቢናገሩ እንኳ የሹሙ «ትዝብት»፣ የጋዜጠኛው «ክፋት» ተብሎ ይመዘገባል። የንግግር ነጻነት በማዕረግ የሚታደል ከሆነ ደግሞ ነጻነት መሆኑ ቀርቶ የሹመት ጥቅማ ጥቅም ይሆናል።

ሰምና ወርቅን ካነሣን ጎጃምን እንደ ነጻ አንደበት አገር አድርጎ የማወደስ ልማድ እንዳለ አውቃለሁ። እውነት አለው። ዲማ ጊዮርጊስን፣ ደብረ ኤልያስን፣ ዋሸራን፣ ጎንጅ ቴዎድሮስን ያፈራ ምድር ነው። ደበሎ የለበሰ፣ አኩፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ ሲለምን የዋለ ተማሪ ማታ ቅኔ ይቆጥራል፤ በማግስቱ ባልንጀሮቹ ፊት ይናገራል፤ የኔታ የጎበጠውን ያቃናሉ። ያ ልጅ አድጎ በበዓል ቀን ማኅሌት ቆሞ ደጃዝማቹ ባሉበት መወድስ ሲያወርድ፣ ሰሙ የጻድቁ ምስጋና፣ ወርቁ የደጃዝማቹ ግፍ ሊሆን ይችላል። የገባው «ይበል!» ይላል። ያልገባውም አብሮ «ይበል!» ይላል። ሹሙ ቢገባውም ቅኔ ነውና ተቆጥቶ ራሱን ከማጋለጥ ዝም ማለቱን ይመርጣል።

ይህ ትልቅ ጥበብ ነው፤ ግን እንደ መፍትሔ ሲቀርብ አልቀበለውም። ሰምና ወርቅ ያደገው የፈሪ አገር ስለሆንን ነው። በቀጥታ መናገር አንገት በማያስቀጣበት አገር ቅኔ ለውበቱ ይቀኛል፤ መሸሸጊያ አይሆንም። ደግሞም ግዕዝ የሚያውቀው ስንቱ ነው? ገበሬው ቅኔ የለውም። ያለው አቤቱታ ነው። አቤቱታው ካልተሰማ ምን እንደሚከተል ይኸው ጎጃም አሳምሮ አሳይቷል።

በኅዳር 1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። በወረቀት ላይ ሲታይ ከቀድሞው የተሻለ ፍትሐዊ ግብር ነበር ማለት ይቻላል፤ በምርት ላይ የተመሠረተ ነውና። ለጎጃም ርስተኛ ግን የደረሰው ወሬ «ቃላድ ሊጣል ነው» የሚል ነው። መሬቱ ከተለካ ርስቱ ነገ የማን እንደሚሆን ማን ያውቃል? ይህን ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ አልነበረም። ግምት ለማውጣት የሚመጡት ሰዎችም እምነት የሚጣልባቸው አልነበሩም። ከዚህ በላይ በአገረ ገዢው በደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ላይ ለዓመታት የተጠራቀመ ምሬት ነበር። የጎጃም ሽማግሎች አዲስ አበባ ድረስ እየወጡ አቤት አሉ። ጆሮ ሲያጡ ሞጣ፣ ቢቸና፣ ዳሞት እየተከታተሉ ሸፈቱ። ጦር ተላከ፣ የጦር አውሮፕላንም ሰማዩ ላይ ታየ። ሰው አለቀ፣ ቤት ተቃጠለ። መጨረሻው ምን ሆነ? አገረ ገዢው ተነሡ፣ ግብሩ በጎጃም ላይ ሳይጸና ቀረ፣ ውዝፉም ተሰረዘ።

እንግዲህ ሒሳቡን አስቡት። ሽማግሎቹን መስማት የሚያስከፍለው ዋጋ የአንድ አገረ ገዢ ዝውውር ነበር። አለመስማቱ ያን ሁሉ ሕይወት ካስከፈለ በኋላ ያው ዝውውር መጣ። ስለዚህ «ነጻ ንግግር አገር ይበጠብጣል» የሚለውን ክርክር ስሰማ ጎጃም ትዝ ይለኛል፤ እዚያ አገር የበጠበጠው ያልተሰማ ንግግር ነው። የድሮ ነገሥታት ይህን ከብዙ የኋላ ሰዎች በተሻለ ያውቁ ነበር። «እረኛ ምን አለ? አዝማሪ ምን አለ?» ብለው ያስጠይቁ ነበር ይባላል። እረኛው ሜዳ ላይ የሚያንጎራጉረው፣ አዝማሪው በመሰንቆው የሚሸነቁጠው ነገር ለቤተ መንግሥቱ የመረጃ ምንጭ ነበር። እረኛን ማሰር የራስን ጆሮ መቁረጥ ነው።

ከ1966 በኋላ የመጣው መንግሥት ጆሮውን ቆረጠ። የበዓሉ ግርማን ታሪክ ሁሉም ስለሚያውቀው አላረዝመውም። «ኦሮማይ» በ1975 ወጣ፣ ተሰበሰበ፣ ደራሲው በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከነበራቸው ከፍተኛ ቦታ ተነሡ፤ በየካቲት 1976 ከቤታቸው እንደወጡ ቀሩ።

በ1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ አዋጅ፣ ቁጥር 34፣ ቅድመ ምርመራን አስቀረ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 በማናቸውም መልኩ የሚደረግ ሳንሱርን ከለከለ። አንቀጹ ብዙ ጊዜ ሲጠቀስ እስከዚህ ብቻ ይነበባል፤ ንዑስ አንቀጽ 6ን ዘልቆ የሚያነብ ጥቂት ነው። እዚያ ላይ ገደብ የሚጣለው በሐሳቡ ይዘትና ሊያስከትል በሚችለው ውጤት ምክንያት እንዳልሆነ፣ የወጣቶችን ደኅንነትና የሰውን ክብርና መልካም ስም ለመጠበቅ ግን ሕግ ሊወጣ እንደሚችል፣ የጦርነት ቅስቀሳና ሰብአዊ ክብርን የሚነካ የአደባባይ ንግግርም እንደሚከለከል ተጽፏል። ልብ በሉ፤ የመንግሥት ክብር አላለም። የባለሥልጣን መልካም ገጽታ አላለም። ሰብአዊ ክብር ነው ያለው። አርቃቂዎቹ አስበውበትም ይሁን ሳያስቡት የምኒልክን አዋጅ ወደ ሕገ መንግሥቱ አስገብተውታል።

ከዚያ በኋላ ያለው ግን የመውጣትና የመውረድ ታሪክ ነው። ጋዜጣ በየጎዳናው እንደ አሸን ፈላ፤ ከ1997 ምርጫ ማግስት አዘጋጆች ታሰሩ፤ የ2001 የፀረ ሽብር አዋጅ ብዕር ከጠመንጃ ጋር የሚቆጠርበት ዘመን አመጣ። በ2010 በሮች ተከፈቱ። ዓለም አቀፉ የጋዜጠኞች ተከላካይ ኮሚቴ በዚያው በጎርጎርዮሳዊው 2018 መጨረሻ ባደረገው ቆጠራ በኢትዮጵያ በሥራው ምክንያት የታሰረ ጋዜጠኛ አላገኘም፤ ከ2004 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። በቀጣዩ ዓመት የዓለም የፕሬስ ነጻነት ቀን አዲስ አበባ ላይ ተከበረ፤ በድንበር የለሽ ጋዜጠኞች ድርጅት የፕሬስ ነጻነት ሰንጠረዥም አገራችን ከ150ኛ ወደ 110ኛ ዘለለች። በጎርጎርዮሳዊው 2025 ሰንጠረዥ ግን 145ኛ ሆንን። ከወጣነው አብዛኛውን መልሰን ወርደናል ማለት ነው።

አሁን ወደ ሌላው ወገን ልዙር፤ ለነጻነት የሚሟገት ሰው ብዙ ጊዜ እዚህ ጋ ሲደርስ ጉሮሮውን ይጠርጋል።

ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ በቤታቸው ደጃፍ በጥይት ተገደሉ። የሰሜኑ ጦርነት የጋለበት ወቅት ነው፤ እሳቸው የትግራይ ተወላጅ ናቸው። ከመገደላቸው በፊት በፌስቡክ ላይ ፎቶአቸውን፣ የሥራ ቦታቸውንና የሚኖሩበትን ሰፈር ጭምር የሚጠቁሙ፣ ከጠላት ጋር የሚያብሩ አድርገው የሚከሱ ጽሑፎች ተሰራጭተው ነበር። ልጃቸው ጽሑፎቹ እንዲነሡ ለኩባንያው አስቀድሞ ማመልከቱን ነገር ግን በጊዜው መልስ አለማግኘቱን ገልጾ በታኅሣሥ 2015 ናይሮቢ ላይ ክስ መሠረተ፤ የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በመጋቢት 2017 ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሏል።

ይህ ቃል በማን ላይ ነበር የተወረወረው? መልስ የሚሰጡበት አደባባይ፣ የሚጠብቃቸው ዘብ፣ የሚሸሹበት አምባ በሌላቸው አንድ መምህር ላይ። የተናጋሪዎቹን ስም የሚያውቅ አልነበረም፤ የሳቸው ግን አድራሻቸው ሳይቀር ተዘርግቷል። «ሐሳብ በሐሳብ ይሸነፋል» የሚለው መርሕ እዚህ አይሠራም፤ ሐሳብ አልቀረበም፣ ዒላማ ነው የቀረበው። በሩዋንዳው የዘር ፍጅት «ሚል ኮሊን» የተባለው ሬዲዮ በ1986 ዓ.ም. ያደረገው ይኸንኑ ነው፤ አሩሻ የነበረው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤትም ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ጠመንጃ ያልያዙትን የሬዲዮና የጋዜጣ ሰዎች ጥፋተኛ ብሏቸዋል።

ስለዚህ ሕግ አያስፈልግም የምል ሰው አይደለሁም። ያስፈልጋል። አለም፤ በ2012 የወጣው የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭት መከላከያና መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 1185። ይህን አዋጅ በሁለቱ ሚዛኖች ላይ ላስቀምጠው።

የጥላቻ ንግግር ያለውን በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳት ላይ ተመሥርቶ ሆን ብሎ ጥላቻን፣ መድሎን ወይም ጥቃትን የሚያነሣሣ ንግግር ብሎ ይተረጉማል። እስከ ሁለት ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ያስቀጣል፤ በንግግሩ ምክንያት ጥቃት ከተፈጸመ እስራቱ እስከ አምስት ዓመት ይደርሳል። ለትምህርት፣ ለዜና ትንታኔ፣ ለፖለቲካ ትችት፣ ለኪነ ጥበብና ለሃይማኖት ትምህርት በር ትቷል። ይህ ክፍል በአብዛኛው ወደ ታች የሚወርደውን ቃል የሚይዝ ነው፤ ደካማውን ይከልላል። እቀበለዋለሁ።

ሐሰተኛ መረጃ የሚለው ክፍል ግን ሌላ ነገር ነው። እስከ አንድ ዓመት፣ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከሆነ እስከ ሦስት ዓመት ያሳስራል። ሐሰት ነው ብሎ ክስ የሚያንቀሳቅሰው ማን ነው? የመንግሥት ዐቃቤ ሕግ ነው፤ ቃሉ የነካውም ብዙ ጊዜ ሌላ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። እውነቱን ለማጣራት የሚያስፈልገው መረጃስ በማን እጅ ነው? በዚያው መሥሪያ ቤት። «ሰማይ አይታረስ» ሱፍ ለብሶ የመጣው በዚህ በር ነው። እውነት ለመናገር ባለፉት ዓመታት ጥሩ እርምጃም ነበር፤ የ2013ቱ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ በመገናኛ ብዙኃን የሚፈጸም ስም ማጥፋትን ከወንጀል አውጥቶ ወደ ፍትሐ ብሔር አሻግሮታል፣ ይህም ትልቅ ነገር ነው። በ2017 የጸደቀው ማሻሻያ ደግሞ የቦርዱን ሥልጣን ከፊሉን ለባለሥልጣኑ መሥሪያ ቤት አሳልፎ ሰጠ። አንድ እጅ ሲሰጥ ሌላው ይነሣል።

ከሁሉም የከፋው ግን ሕግ እንኳ ሳይጠቀስ የሚደረገው ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በዚያው ሰሞን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፣ ለብዙ ወራትም ሳይመለስ ቆየ። ደብረ ማርቆስ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ናት። በእነዚያ ወራት ስለ ከተማዋ የሚያስረዳው በዓባይ በረሃ ተሻግሮ የመጣ መንገደኛ ነበር፤ እሱም በሚኒባስ ውስጥ ከሌላ የሰማውን ነው የሚናገረው። እዚህ የሞተ የተባለ ሰው እዚያ በሕይወት አለ፤ የተረፈ የተባለው ተቀብሯል። እናት ልጇ ደህና መሆኑን ሳታውቅ ትከርማለች። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሚያነበው ያጣል። ኢንተርኔቱ ሲዘጋ የተዘጋው ማጣራት ነው፤ ወሬው እንደሆነ ከአርበኛው በላይ ዘለቀ ዘመን ጀምሮ በእግሩ ሲሄድ የኖረ ነው፣ የቴሌ ካርድ አያስፈልገውም። ጥላቻን ይገታል ተብሎ ከሆነም የተደረገው የዋለው ለጥላቻ ነው፤ ማስተባበያ የሚባል ነገር ጠፍቶ ነበርና።

የሚከራከረኝ ሰው ቢኖር እንዲህ ይለኛል፦ ባለሥልጣንም ሰው ነው፤ ሰኔ 15 ቀን 2011 ባሕር ዳር ላይ የክልሉ ርዕሰ መስተዳድርና ባልደረቦቻቸው ተሰብስበው ባሉበት በጥይት የተገደሉባት አገር ናት፤ ወደ ላይ የተተኮሰ ቃልስ አይገድልም ወይ? ትክክል ነው፤ ይገድላል። በባለሥልጣን ሥጋና በቤተሰቡ ላይ የሚነሣ የግድያ ጥሪ በሸማኔው ላይ ከሚነሣው በምንም አይለይም፤ እኩል ይቀጣ። ሥራውን፣ ውሳኔውን፣ የበጀት አያያዙን፣ ንግግሩን፣ ካስፈለገም አለባበሱን የሚተች ቃል ግን፣ ሻካራ ይሁን ስድብ ቀመስ፣ ይቻለው። ደመወዙ ውስጥ የትዕግሥት አበልም አለበት። ማይክሮፎን አለው፣ ቃል አቀባይ አለው፣ መግለጫ ማውጣት ይችላል። ሸክላ ሠሪዋ ይህ የላትም። ርኅራኄ ያለው ሕግ የሚባለው ይህን ልዩነት የሚያይ ነው፤ ሁሉን እኩል ዝም የሚያሰኝ ርኅሩኅ አይደለም።

ለትንሹ ነገር ሁሉ ደግሞ እስር ቤት መፍትሔ አይሆንም። ጎጃም ውስጥ ስም ያጠፋ ሰው በሽማግሌ ፊት ቀርቦ፣ ያጠፋበት ሰፈር ድረስ ሄዶ፣ ቃሉን በአደባባይ መልሶ የሚክስበት ልማድ አለ። በጋዜጣና በገጽ የሚደረገው እርማትና የመልስ መብት ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ከእስር ይልቅ የተሰዳቢውን ስም የሚመልሰውም ይኸው ነው። እስሩ ለዒላማ ጠቋሚው ይቆይ።

በመጨረሻ ወደ ገበያው ጥግ እንመለስ፤ ቃል የገባሁት ነገር አለና። የአዋጅ 1185ን ትርጓሜ መልሳችሁ አንብቡት። ብሔር፣ ሃይማኖት፣ ዘር፣ ጾታ፣ አካል ጉዳት ይላል። ሙያ የለም። ሸክላ ሠሪዋና ባላገሩ ብሔራቸው አንድ፣ ቤተ ክርስቲያናቸው አንድ፣ ቋንቋቸው አንድ ነው። «ቡዳ ናት፣ ከሰፈር ትውጣ» ብሎ በገጹ የሚጽፍ ሰው ቢኖር የጥላቻ ንግግር የሚለው ድንጋጌ በግልጽ አያገኘውም። ምኒልክ በ1900 ያዩትን ሰው የ2012ቱ ሕግ አውጪ አላየውም። ባለሥልጣንን ሊያስከፋ የሚችለውን ሐሰት ግን እስከ ተከታዮቹ ቁጥር ድረስ አስቦበታል።

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይህን አዋጅ አንሥቶ ይከልሰው። ሐሰተኛ መረጃ የሚለውን ወንጀል በሰው አካልና ሕይወት ላይ የቀረበ ግልጽ አደጋ በሚፈጥር ቃል ብቻ ይወስነው፤ ከዚያ የቀረውን ለእርማትና ለፍትሐ ብሔር ይተወው። ኢንተርኔት መዝጋት ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዳይቻል ይደንግግ። በትርጓሜው አንቀጽ ላይ ደግሞ ከብሔርና ከሃይማኖት ቀጥሎ ሙያንና በሙያ የሚቆጠር ትውልድን ይጨምር። የጎጃም ተወካዮች ይህን ጥያቄ ለማቅረብ ከማንም የቀረቡ ናቸው፤ መራጮቻቸውም፣ እናንተ አንባቢዎች ጭምር፣ ጠይቋቸው።